ስድስት ሳምንት የዘገየው መብራት

ዞረ። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ዞረ። ማንም በእጁ ሳይገፋው፣ ማንም በዱላ ሳይነካው፣ በዚህ በደረቅ ወር፣ ከመዳፌ ውፍረት በማይበልጥ ውሃ ዞረ። ላይ፣ ኢግካዋያን መንደር፣ ሃያ ሦስቱም ቤት መብራት ገባ። ፀሐይ ወጥታ እንኳ አምፖሎቹ ይታዩ ነበር። ዲናሞው የማኖንግ ሜልቾር ነው። የኔ አይደለም። የሳቸው ነው።

ይቅርታ፤ ሰላም ሳልላችሁ ጀመርኩ። ያንን ቁልቁለት እየሮጥኩ ነው የወረድኩት፤ ትንፋሼ ሳይደርስ ወሬዬ ደረሰ።

የተከበሩ አባ ሴሳሪዮ፣ የተከበሩ የመንደራችን ሹም ካፒታን ኡልዳሪኮ፣ የማኖንግ ሜልቾር ባለቤት ማናንግ ኮንሶላ፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ ከኢግካዋያን በእግራችሁ የወረዳችሁ፣ ከከተማ በባለ ሦስት እግሯ ሞተር ተጨናንቃችሁ የመጣችሁ፣ እናንተም ከማንጎው ሥር የእሁድ ጓደኞቼ፣ እንደምን አደራችሁ። በማኖንግ ሜልቾር ሞት እግዚአብሔር ያጽናን።

የማያውቀኝ ካለ ሌቲንግ እባላለሁ። ከገበያው ጀርባ ሞተር ጥቅለላ ቤት ያለኝ ነኝ። የውሃ ፓምፓችሁ ሲቃጠል፣ ማራገቢያችሁ ማጉረምረም ሲጀምር የምታመጡት ወደኔ ነው። ማኖንግ ሜልቾርን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ታላቆቼ ናቸውና ባለቤታቸውን ማናንግ፣ ታላቅ እህቴ፣ እሳቸውን ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እል ነበር፤ እሳቸውም እንደ ታናሽ እህት ያዙኝ። እኔ ግን እንደ ታናሽ እህት አልያዝኳቸውም። ዛሬ የቆምኩት ይህን ልናገር ነው።

ዲናሞው ዛሬ መዞሩን ነገርኳችሁ። ያልነገርኳችሁ፣ ከስድስት ሳምንት በፊት መዞር ይችል እንደነበር ነው። እሳቸው ዐይናቸው እያየ፣ ጆሯቸው እየሰማ መዞር ይችል ነበር። ያልዞረው በኔ ምክንያት ነው።

ዛሬ ጠዋት ከኢግካዋያን ወርጄ፣ ማድ ቤታቸው በር ላይ ቆሜ ለማናንግ ኮንሶላ ይህንኑ ነገርኳቸው። መብራቱ መግባቱን ስነግራቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። የቀረውን ስነግራቸው እጃቸውን አወረዱ። ከዚያ ማንኪያቸውን ድስቱ ላይ አጋድመው እንዲህ አሉኝ፦

«ለኔ ብቻ አትንገሪኝ። መቃብሩ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሪው። አንድም ሳታስቀሪ። ይቅር እልሽ እንደሆነ ከዚያ በኋላ አስባለሁ።»

ይኸው ቆሜያለሁ። አንድም አላስቀርም።

ቀንቼባቸው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀናሁ። በምናቸው? በቤታቸው? ቤታቸውን ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ስድስት ባልዲ ይደረደራል። በመልካቸው? እሱን ማናንግ ኮንሶላ ይፍረዱ። በትምህርታቸው? እሳቸው ሩዝ ወፍጮ ቤት ሞተር ሲያጥቡ ያደጉ ናቸው፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፤ ወረቀቱም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። የቀናሁት በእጃቸው ነው። ከዚያ በባሕሪያቸው ቀናሁ። ከዚያ፣ አይገርማችሁም፣ በውድቀታቸውም ቀናሁ።

መጀመሪያ ሱቄ የመጡ ዕለት የተቃጠለ ሽቦ ጠየቁኝ። ከሞተር ሆድ አውጥቼ የምጥለውን፣ ቫርኒሹ የጠቆረውን። በኪሎ ሊሸጡት መስሎኝ ነበር። ለምንዎ ነው አልኳቸው። ራሱን በራሱ የሚያዞር ሞተር እየሠራሁ ነው አሉኝ። ማግኔት ማግኔትን እየገፋ፣ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ቆጣሪ፣ አንዴ ከተነሣ የማይቆም።

ሳቅኩ። ምሳዬን እየበላሁ ነበር፣ ሩዙ ትን አለኝ። ሠርተው ሲጨርሱ ይንገሩኝ፣ የሱቄን ሶኬቶች ሁሉ ነቅዬ ለዶሮዎቼ ቆጥ እሠራባቸዋለሁ አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም፤ አልሳቁም። በርጩማዬን ሳብ አድርገው ተቀመጡና ከወለሉ ላይ ሽቦ አንስተው መጠቅለል ጀመሩ። በባዶ እጅ። ያለ ማሽን፣ ያለ ቅርጽ ማውጫ። እኔ ሳህኔን ሳልጨርስ አንድ ኮይል፣ አንድ ሙሉ የሽቦ ጥቅል፣ ጨርሰው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

አነሳሁት። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ጠቅልዬ ነበር። በማሽን ነው የምጠቀልለው። የሳቸው ግን አንድም ሽቦ ከሌላው ላይ የወጣበት የለም፤ አንድም ቦታ አልላላም። እንደ ተሸመነ ጨርቅ ነው። ምሳዬን ተውኩት። ያን ዕለት የተቃጠለ ሽቦ በነጻ ሰጥቼ ሸኘኋቸው፤ ከሄዱ በኋላ በሩን ዘግቼ በባዶ እጄ ለመጠቅለል ሞከርኩ። የወጣው ነገር የወፍ ጎጆ ነው። እዚያች በርጩማ ላይ ነው የተጀመረው።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ጀርባ፣ እንደሳቸው ራሱን የሚያዞር ማሽን የሚሞክሩት ወደሚሰበሰቡበት ማንጎ ሥር ሄድኩ። ልስቅባቸው ነበር የሄድኩት። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀረሁ።

ማንጎው ሥር የማያውቅ ሰው ቢመጣ የቆሻሻ መጣያ ይመስለዋል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ የብስክሌት ጎማ፣ የልብስ ስፌት መኪና እግር። እያንዳንዳችን የየራሳችን ማሽን አለን፤ እያንዳንዳችን የጓደኛችን እንደማይሠራ፣ የኛ ግን ጥቂት ብቻ እንደቀረው እናውቃለን። እኛ ላይ የሚስቅ ብዙ ነው። ይሳቅ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሩዙ እሳት ላይ እያለ መብራት ያልጠፋበት ማን አለ? የመብራቱ መስመር ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆሞ፣ ወደ ላይ ያሉት ሰዎች ምሰሶውን ከሩቅ ብቻ ሲያዩት ያላዘነ ማን አለ? እኛ ሞኞች ከሆንን ሞኝነታችን እዚያ ላይ ነው የተነሣው።

አንድ ሕግ አለን፤ ሬዲዮ ጠጋኙ ዳዶ ያወጣው ነው። አንዴ ከሌላ አገር አንድ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ የሚሽከረከር ማሽን ይዞ መጣ፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዞረለት። አጨበጨብን። ምሳም አበላነው። ከዚያ ዳዶ የወደቀ ካቻቢቴ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል በጠረጴዛው እግር ውስጥ የሚወርድ ቀጭን ሽቦ አየ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሠራልኝ የሚል ሰው ማሽኑ እየተሽከረከረ ሳለ በሁለት እጁ አቅፎት ማንጎውን ሦስት ጊዜ መዞር አለበት። ያላቀፈ አልሠራም። ስንቱ ደፋር ማሽኑን ሊያቅፍ ሲል ሆዱን አሞት ቤቱ ሄዷል መሰላችሁ።

አንድ ዓመት ማኖንግ ሜልቾር አቀፉት።

የብስክሌት ጎማ ነው፤ ጠርዙ ላይ ማግኔት፣ ከሥሩ ኮይል፣ ከጎኑ ትንሽ ባትሪ። ባትሪው ያስነሳዋል፤ ጎማው ሲዞር ደግሞ መልሶ ባትሪውን ይሞላል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። እንደ ሕፃን ልጅ አቀፉት። ደረታቸው ላይ ፍር ፍር እያለ አንዴ ዞሩ፣ ሁለቴ ዞሩ፣ ሦስተኛውን እየሳቁ ዞሩ። ሰው ጮኸ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ጥርሴን ነክሼ ነው ያጨበጨብኩት። በዚያ ሳምንት ሦስት ሞተር አበላሸሁ። ፓምፓችሁ ያን ጊዜ ሁለቴ የተቃጠለባችሁ ካላችሁ፣ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ባትሪውን እንለካለን። ጎማው ጠዋቱን ሙሉ ይዞራል። ቀትር ላይ እናቆመዋለን፤ ማናንግ ኮንሶላ የኮኮናት ወተት የገባበት ዓሣ ያቀርባሉ፤ በልተን፣ ተጫውተን ስንጨርስ ዳዶ ቴስተሩን ያወጣል። ባትሪው ጨምሯል። በየሳምንቱ ጨምሯል። ጠዋቱን ሙሉ ሠርቶ ጨመረ ማለት ከየት አመጣው? ዳዶ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፎ ከሥሩ ሁለቴ ያሰምር ነበር።

እኔ ግን ምክንያቱን ደረስኩበት። የሞተር ሳይክሌ ባትሪ ነው ያስተማረኝ። ደክሞ ያደረ ባትሪ አሳርፋችሁት ስትለኩት ከፍ ይላል። አርፎ ነው እንጂ ተሞልቶ አይደለም። ዓሣውን በምንበላበት ሰዓት ባትሪው ያርፋል፤ እኛ ዕረፍቱን ኃይል ብለን እንጽፋለን። ለስድስት ወር ያህል የጻፍነው የምሳ ሰዓታችንን ነበር።

ይህን ባወቅሁ ቀን ብነግራቸው ምን ነበረበት? ሦስት እሁድ ዝም አልኩ። ካፒታናችን ወሬውን ሰምተው ከክፍለ አገሩ ከተማ እንግዶች ይዘው እስኪመጡ ጠበቅኩ። ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች፣ አንዱ ካሜራ የያዘ። ማናንግ ኮንሶላ ዶሮ አርደዋል። ያኔ፣ ሁሉም ቆሞ ሳለ፣ ዳዶ እስቲ ዛሬ ከምሳ በፊት ለካው፣ ጎማው እየዞረ ሳለ አልኩ።

ዳዶ ለካ። ቁጥሩን አነበበው። እንደገና ለካ፤ ሁለተኛውን ቀስ ብሎ ነው ያነበበው። ከጠዋቱ ቀንሷል። እያየነው ይቀንሳል። ካሜራ የያዘው ሰው ማንጎው ጥሩ ፍሬ ይሰጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። ማኖንግ ሜልቾር ጎማውን በእጃቸው አቆሙት፤ ፎጣቸውን አለበሱትና ወደ ቤት አስገቡት። እኔ ዶሮውን በላሁ። ጣፍጦኝ ነበር። አንድም አታስቀሪ ተብያለሁና ይኸው።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ ቆመዋል። ልንጣላ ነው ብዬ ቁልፌን ጨበጥኩ።

«ሌቲንግ» አሉኝ፣ «ስድስት ወር ሙሉ ያሳሳተን ምሳ ነው ማለት ነው?»

አዎ ማኖንግ፣ ምሳ ነው አልኳቸው።

ሳቁ። በሩን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ገቡና ያችኑ በርጩማ ሳቡ። ጎማዬ ለምን እንደሚከብደው ደግሞ አሳዪኝ አሉ። አሳየኋቸው። ኮይሉ መሃል ያለውን ብረት ማግኔቱ ይይዘዋል፤ ባለፈ ቁጥር ይቆነጥጠዋል፤ ጎማው በየቁንጥጫው ይደክማል አልኳቸው። እንግዲያው ብረቱን እናውጣው አሉ። ብረት ከሌለው ጉልበት አይኖረውም አልኳቸው። ጉልበት አልፈለግኩም፣ እንዲዞርልኝ ነው የፈለግኩት አሉኝ።

አሁን ንገሩኝ። በሰው ፊት አዋርዷችሁ፣ በማግስቱ ያዋረዳችሁ ሰው በር ላይ ቆማችሁ አስተምረኝ የምትሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔ አልችልም። ጎረቤቴ የሱቄን ስም አሳስተው ስለጻፉት ሁለት ዓመት አላናገርኳቸውም። እሳቸው በአንድ ሌሊት ጨርሰውት መጡ። ያን ቀን ከእጃቸው በላይ በዚህ ቀናሁ፤ ምክንያቱም እጅን ሠርቶ ማምጣት ይቻላል፤ ይህ ግን ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ኢግካዋያኖች ከካፒታናችን ጋር ሆነው በቦያቸው ላይ የእንጨት መንኮራኩር ሠሩ። ዲናሞውን ሥሪልን ብለው ወደ ማን መጡ? ወደኔ። ከተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ሠራሁላቸው፤ ማግኔት አስገባሁ፤ እንደገና ጠቀለልኩት። በክረምቱ ቦግ ብሎ በራ። እዚያ ስወጣ እህታችን ናንግ ሌቲንግ መጣች፣ መብራታችን መጣች ይሉኝ ነበር። ሙዝ አሸከሙኝ። ስሜን መንኮራኩሩ ቤት ሳንቃ ላይ በቀለም ጻፉት። በዕድሜዬ ስሜ በቀለም ሲጻፍ ያየሁት ያኔ ነው፤ ፊደሉም አልተሳሳተም።

በጋው ሲመጣ ቆመ። ውሃው ሲቀጥን ዲናሞዬ እንደ ግትር በሬ እምቢ አለ። ሃያ ሦስት ቤት ወደ ጋዝ ኩራዝ ተመለሰ። እኔ ጥፋቱ የውሃው ነው አልኩ። ሁለት በጋ ሙሉ የውሃው ነው አልኩ።

በዚህ ዓመት፣ በጥር መጨረሻ፣ ማኖንግ ሜልቾር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ሱቄ መጡ። ሁለት ክብ ሰሌዳ፣ ላያቸው ላይ ማግኔት፤ መሃላቸው በሙጫ የተቀበሩ በእጅ የተጠቀለሉ ኮይሎች። ብረት የሚባል ነገር በኮይሎቹ ውስጥ የለም። ይሄኛውም አልሆነም አሉኝ፤ ብገፋው አርባ እስክቆጥር ዞሮ ይቆማል፤ ራሱን አይችልም። ነጻ ኃይል አገኙ ወይ ለምትሉኝ፣ አላገኙም። ላታልላችሁ አልፈልግም፣ እሳቸውም በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ አገኘሁ ብለው አላታለሉም። ግን ለሚቀጥለው ሌላ ሐሳብ መጥቶልኛል አሉ። ከዚያ ፎጣቸውን እያጠፉ፣ እንደ ዋዛ፣ ይሄ ለውሃው ይሁን አሉኝ።

በትንሿ ጣቴ ነካሁት። ዞረ። በትንሿ ጣቴ። ምንም አይይዝም፣ ምንም አይቆነጥጥም። እዚያው፣ በቆምኩበት አወቅኩ። በበጋ ውሃ ይዞራል። የኔ ሁለት በጋ የቆመበት ቦታ ላይ ይሄ ይዞራል። ሠላሳ ዓመት ሞተር ጠቅልዬ፣ የበለጠኝ የሳቸው ትልቁ ሥራ ቢሆን ባልከፋኝ። የበለጠኝ የጣሉት ነው። ያልሆነላቸው ነው። ሰው በሰው ትርፍራፊ እንዲህ ይቀናል?

በዚያው ሳምንት ሳምባቸው ታመመ። ሐኪሙ ዳገት እንዳይወጡ ከለከላቸው። አንቺ ስቀዪው፣ መንኮራኩሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ግን ለዘንጉ የሚሆን ኩሽኔታ ከከተማ ማዘዝ አለብኝ፣ ይቆያል አልኩ።

ኩሽኔታው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌው ካላንደር ሥር። ዲናሞውን ጆንያ አለበስኩትና ከመደርደሪያው ግርጌ ገፋሁት።

ሐሙስ ሐሙስ እጠይቃቸው ነበር። ስኳር የገባበት የሩዝ ቂጣ ይዤ። እሳቸው አልጋቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው አዲሱን ማሽን ይስላሉ። ኩሽኔታው መጣ ወይ ይሉኛል። አልመጣም ማኖንግ፣ መርከቡ ዘግይቷል እላለሁ። የከተማ ሰው መቼ ቸኩሎ ያውቃል ይሉና ሥዕላቸውን ያሳዩኛል፤ ይሄኛው ግን ይሆናል ይላሉ። ስድስት ሐሙስ። አንዴ ማናንግ ኮንሶላ ከማድ ቤት ሆነው ከሌላ ሱቅ ብትጠይቂስ አሉኝ። ጠይቄያለሁ አልኩ። መርከቡም ውሸት፣ ሱቁም ውሸት።

በስድስተኛው ሐሙስ ስለ ኩሽኔታው አልጠየቁኝም።

«ላይ ያሉት በምን እያበሩ ነው?» አሉኝ።

«በጋዝ ነው ማኖንግ።»

«ጋዝ ተወደደ አይደል?»

ተወደደ አልኳቸው። እርሳሳቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት። በማግስቱ ዓርብ ዐረፉ።

በለቅሶው ቤት ማክሰኞ ዕለት ከኢግካዋያን የወረዱ ሴቶች አጠገቤ ተቀምጠው አበባ ሲጎነጉኑ፣ ጸጉራቸው ጋዝ ጋዝ ይሸት ነበር። እያወራሁ ነበር፤ ታውቁኛላችሁ፤ ወሬዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ሱቄን ከፈትኩ። መሳቢያውን ከፈትኩ።

ትናንት ከዳዶ ጋር ተሸክመን ወጣን። የኔን አወረድን፣ የሳቸውን ሰቀልን። ዳዶ ብሎን እያሰረ ኩሽኔታው መቼ መጣ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ያሰረውን ብሎን ፈትቶ እንደገና አሰረው።

«ቀጥ አድርገሽ ያዢው» አለኝ በመጨረሻ። «ስድብሽን ስንወርድ እሰጥሻለሁ።»

ገና አልሰጠኝም፤ እዚያ ጋ ቆሟል፤ ፊቱን አይቼ እንደተዘጋጀ አውቄያለሁ።

ዛሬ ጠዋት የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ አነሣን። ውሃው ቀጭን ነው፤ እንኳን መንኮራኩር የሚያዞር፣ ጎመን የሚያጥብ አይመስልም። የመጀመሪያው መቅዘፊያ ነቅነቅ አለ። ሁለተኛው ተከተለው። ከዚያ አልቆመም። ከዚያ ማዶ አንዷ ቤት በራች፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለችው፤ ከዚያ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ምን ብለው የጮኹ ይመስላችኋል? ሜልቾር ብለው ነው የጮኹት። ሽቦውን ያገናኘችው ሌቲንግ ናት፣ ዳገቱን የወጣችው ሌቲንግ ናት፣ እጇ በቅባት የጠቆረው ሌቲንግ ናት፤ ሜልቾር ብለው ጮኹ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ እንደ ልጅ ዘለልኩ። እየዘለልኩም ቀናሁ። ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝተው ቀደሙኝ።

ማናንግ ኮንሶላ፣ ይኸው ተናገርኩ። ባለቤትዎ ያንን ጩኸት መስማት ነበረባቸው። ስድስት ጊዜ መስማት ይችሉ ነበር። ካላንደር ሥር ደበቅኩባቸው። ይህን የሠራው ድህነት አይደለም፣ መርሳትም አይደለም፤ ቅናቴ ነው። ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ አባ ሴሳሪዮም ሰምተዋል። የምጨምረው የለኝም፤ የምቀንሰውም የለኝም።

ማኖንግ ሜልቾር፤ እንግዲህ እንሰነባበት። ትናንት ሳንቃው ላይ ያለውን ስሜን በራሴ እጅ ፋቅኩት፤ የርስዎን ጻፍኩ። ቀለሙ ትንሽ ፈሰሰ፤ ከፍ ዝቅ ብሏል፤ ይቅር ይበሉኝ። የጀመሩትን ሥዕል ማናንግ ኮንሶላ ደረትዎ ላይ አኑረውልዎታል። በደህና ይሂዱ። የፎጣዎን ጥግ እየያዙ ማሽን ደብቀው የሚወጡበት በር ከእንግዲህ ጸጥ ሊል ነው። ማንጎው ሥር የምንቀናበት ሰው አጥተናል። በደህና ይሂዱ ወንድሜ። እዚያ በሄዱበት አገር፣ ሳይነኩት የሚዞረውን፣ ሳይመግቡት የማይቆመውን ያገኙት እንደሆነ፣ እባክዎ ለኔ አይላኩብኝ። እቀናለሁ።

አሁን እናንተ ስሙኝ፤ ወደየቤታችሁ ከመበተናችሁ በፊት። ቅዳሜ ካረፉ ዘጠነኛው ቀን ነው። ጸሎቱ እንደ ልማዳችን እቤታቸው መሆን ነበረበት፤ ካፒታናችን ግን ላይ፣ መንኮራኩሩ አጠገብ ይሁን ብለዋል፤ አባም እሺ ብለዋል። ኢግካዋያኖች አሳማ ይጠብሳሉ። ሩዙን ማናንግ ኮንሶላ ራሳቸው ይቀቅላሉ፤ እንደ ባሏ የሞተባት ሴት ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው በገዛ እጃቸው ያወጣሉ። እኔም ከሰልፉ መጨረሻ ሳህኔን ይዤ እቆማለሁ። ሳህኔ ላይ ካወጡልኝ እበላለሁ። ካለፉኝ ሳህኔን አጥቤ እመልሳለሁ፤ ሃያ ሦስቱን አምፖል አብርቼ ባዶ ሆዴን እወርዳለሁ፤ አላማርርም። እናንተ ግን ኑ። የሳቃችሁባቸውም ኑ፣ ያጨበጨባችሁላቸውም ኑ፣ ነጭ ሸሚዝ ያላችሁም ለብሳችሁ ኑ። ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኢግካዋያን።